የሽቶ ቀማሚው የመጨረሻ ብርጭቆ

ሽቶ ቀማሚው ከሥራ ጠረጴዛው ላይ እንደተደፋ ሞቶ ተገኘ። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ የቅጠል ውሃ ነበር። ሆዱን ሲቆርጠው ቢጫ አበባ ያላትን የዱር ቅጠል አፍልቶ መጠጣት ልማዱ ስለነበር፣ ሚስቱ ቅጠሏን የምትሸጥለትን አሮጊት አንቃ ያዘች።

«ባሌን ገደልሽብኝ!»

መርማሪዋ አላቀቀቻቸውና አሮጊቷን ለብቻ አስቀመጠቻቸው።

«እማማ፣ ይህች ቅጠል ሰው ትገድላለች?»

«ለቁርጠት ፍቱን ናት ልጄ። እርግጥ ለእርጉዝ አልሸጣትም፤ ጭማቂዋም ቆዳ ያሳክካል። ከአንድ ብርጭቆ አትለፍ ብዬዋለሁ። ደግሞ ከሌላ ቅጠል አትምታታም፤ ሽታዋ ከበር ወጥቶ ይቀበልሻል።»

መርማሪዋ ብርጭቆውን አሸተተች። ምንም። ማጥለያው ላይ የቀረውን ቅጠል በጣቷ አሸችው። አሁንም ምንም። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ግማሹ የተጠጣ ወተት አየች፤ የቀረው ከከረፋ ቀናት ያለፉት ነው፤ ከሩቅ ይሰነፍጣል።

ሚስትየዋን ጠራቻት።

«ቅጠሉን ማን አፈላው?»

«ራሱ ነዋ! ሌላ ሰው እንዲነካበት መች ይወዳል?»

«አፍንጫውስ ደኅና ነበር?»

«የሱ አፍንጫ? የጎረቤት ድስት ሲያር ከባለቤቷ ቀድሞ የሚያውቅ!»

በማግስቱ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፦ ቅጠሉ ሌላ ነው፤ ልብ የሚያቆም መርዝ። መርማሪዋ ሚስቲቱን፣ አሮጊቷንና የሟቹ ረዳት የነበረችውን የእህቱን ልጅ እዚያው ሥራ ክፍል ሰበሰበች።

«ቅጠሉን አንድ ሰው ለውጦታል» አለች። «ሽቶ ቀማሚ ግን ሽታ የሌለውን ቅጠል አፍልቶ ይጠጣል? አፍንጫው ካልሞተ በቀር አይጠጣም። የከረፋ ወተት የጠጣውም ለዚህ ነው። ገዳዩ ይህን ምስጢር ያውቃል። እትዬ ግን በአፍንጫው ይምላሉ፤ እማማም ሽታዋ ያስታውቃል ብለው ይከራከራሉ። ታዲያ ይህ የሟቹ የቅመማ ደብተር ከሁለት ዓመት ወዲህ በሌላ ሰው እጅ ነው የተጻፈው፤ በማን?»

ወጣቷ አንገቷን ደፋች።

«አፍንጫው ሆንኩለት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ የቀመምኩት ሽቶ ያገኘውን ሽልማት እሱ ወሰደ። አንዲት ጠርሙስ ላይ ብቻ ስሜን ጻፍልኝ ብዬ ስለምነው፣ ‹ማን ያምንሻል?› ብሎ ሳቀብኝ።»

«እኔስ ምን አደረግኩሽ ልጄ?» አሉ አሮጊቷ። «እኔ ስታነቅ ቆመሽ አላየሽም?»

ፖሊሶቹ ልጅቷን ይዘው ሲወጡ ሚስትየዋ መርማሪዋን እጇን ያዘቻት።

«ጠዋት ጠዋት አንገቴን አሽትቶ ‹ዛሬስ እንዴት አወድሽ!› ይለኝ ነበር» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ?»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።