ሃራዳን ባቡ ብቻቸውን ያዳመጡ ዕለት

ኒሩፓም ከጃልፓይጉሪ በባቡር ተጉዞ ካልካታ ሲደርስ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። የእናቱን የሸክላ ማጫወቻ በፕላስቲክ ጠቅልሎ፣ ራሱ ግን በስብሶ፣ ከትራሙ መንገድ ዳር ወዳለችው የሃራዳን ባቡ የማጫወቻ መጠገኛ ሱቅ ገባ።

ከባንኮኒው ኋላ የቆመችው ልጅ መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ እሱን አየች።

«ዕቃው አልረጠበም፤ እርስዎ ነዎት የበሰበሱት» አለች። «ፎጣ ላምጣ ወይስ ማጫወቻው ይቅደም?»

«ማጫወቻው ይቅደም። የእናቴ ነው።»

ሳቀች። ሱታፓ ትባላለች፤ የሃራዳን ባቡ አንድ ልጅ ናት።

ያረጀችው ካርትሪጇ ነበረች፤ ከማጫወቻው ክንድ ጫፍ ተቀምጣ መርፌውን የምትይዘው፣ ጥፍር የምታህል ዕቃ። የኒሩፓም እናት ቢናፓኒ ዘፈን ያስተምራሉ። ተማሪዎቻቸው የሚለማመዱባቸው አሮጌ ሸክላዎች መጨረሻቸው ላይ መጮህ ጀምረዋል፤ መርፌውም ይዘላል። ሱታፓ ክንዱ ላይ የቀረውን የሙጫ ምልክት በጣቷ ነካችው።

«ማነው ሳንቲም የጫነባት?»

«እናቴ። እንዳትዘል ብላ ነው።»

«አይ ማሲማ፣ አክስቴ! ሸክላውን ሲያርሱት ከርመዋላ!»

በከተማው ሸክላ የሚወድ ሁሉ የሃራዳን ባቡን ጆሮ ያምናል። አዲስ ካርትሪጅ ሲገጠም የሸክላውን የመጨረሻ ዘፈን ያስጀምራሉ። መርፌው ወደ መሃል በተጠጋ ቁጥር መንገዱ ይከብደዋል። የዘፋኟ ድምፅ ከፍ ሲል ደካማ መርፌ ሸክላው ላይ የተቀረጸውን ቦይ መከተል ያቅተውና «ሽ» የሚለው ድምፅ ትኩስ መጥበሻ ላይ እንደወደቀ ውሃ ይንጫጫል። አዛውንቱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ፊት ለፊታቸው ያለውን ባለመስታወት ቁም ሳጥን እያዩ ያዳምጣሉ። ከዚያ «ይሄ ይከተላል» ወይም «ይሄ አይከተልም» ይላሉ። ሌላ ቃል አይጨምሩም።

ለኒሩፓም አንድ መረጡለት። ይዞ ሄደ። በወሩ ተመልሶ መጣ።

«ይዘላል» አለ።

ሱታፓ ሸክላ አስቀምጣ ሞከረችው። አልዘለለም።

«እዚያ ነው የሚዘለው» አለ ኒሩፓም፣ ጫማውን እያየ። «ምናልባት አየሩ ይሆናል።»

«አየሩ!» አለች። «ለነገሩ ክንዱ ከባድ ነው፤ ከሱ ጋር የሚስማማ መርፌ ማግኘት ቀላል አይደለም። ግን እውነቱን ይንገሩኝ፤ ያስቸገረዎት ካርትሪጁ ነው እግርዎ?»

በወሩም መጣ፤ ከዚያም በወሩ። ኮሌጅ የሚያስተምር ሰው በየወሩ ለአንዲት መርፌ ያን ሁሉ መንገድ ሲመላለስ ሃራዳን ባቡም አልገረማቸውም፤ ወይም እንዳልገረማቸው ሰው ዝም አሉ።

ሱታፓ ሁልጊዜ ከአባቷ ኋላ ቆማ ሸክላ በጨርቅ ትወለውላለች። አንድ ቀን ኒሩፓም የምትወለውለው ሸክላ ንጹሕ መሆኑን ልብ አለ። ከማጫወቻው የዘፋኟ ድምፅ ከፍ አለና ተንጫጫ። ጨርቁ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ጨርቁን ሲከተሉ የነበሩት የአዛውንቱ ዓይኖችም ቆሙ።

«ይሄ አይከተልም» አሉ።

ኒሩፓም ቀና ሲል ከሱታፓ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጩ። ፊቷ ክው አለ።

«እኔም መስሎኝ ነበር፣ ሃራዳን ባቡ» አለ እሱ።

ወደ ትራሙ ፌርማታ ስትሸኘው ምስጢሩን ነገረችው።

«ባባ ንግግር ይሰማል። የጠፋበት ቀጭኑ ድምፅ ነው።»

«የጆሮ መሣሪያስ?»

«ደንበኞቹ ቢያዩትስ? የምንበላው ከዚያ ጆሮ ነው።»

«ለማንም አልናገርም።»

«አውቃለሁ» አለች። «አንተ አትናገርም።»

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ትራሙ መጥቶ ሄደ፤ ኒሩፓም አልተሳፈረም።

ከፑጃው በዓል በኋላ ቢናፓኒ ራሳቸው ከልጃቸው ጋር ካልካታ መጡ። ለልጃቸው የምትታጨውን ልጅ ሊያዩ እንደመጡ ሁሉም ያውቃል፤ እንደ ደንቡ ግን ሰበብ ያስፈልጋል፤ ሰበባቸው ደግሞ ማጫወቻው ነበር። እንደ ደንቡ የምትታየውም ልጅ እንግዳ ተቀምጦ ሳይረጋጋ አትታይም። ሱታፓን የጎረቤት ሴቶች ፎቅ ላይ ወስደው ሳሪ እያለበሷት፣ «አንገትሽን ሰበር አድርጊ! ብሎን የምትፈቺ ይመስል አትንጠራሪ!» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ታች ሱቁ ውስጥ ቢናፓኒ ተቀመጡ።

«እስቲ ያቺን እንቢ ባይ ካርትሪጅ አሳዩኝ» አሉ። «ልጄን እንዲህ ያመላለሰችው ምን ዓይነት ቆንጆ ብትሆን ነው?»

ሃራዳን ባቡ ከልባቸው ሳቁ። «አሁኑኑ አዲስ እገጥምልዎታለሁ፣ እህቴ።»

ኒሩፓም ደነገጠ። «ሻይ ይቅደም፣ ሃራዳን ባቡ። ሱታፓም ትውረድ።»

«ሱታፓ ዛሬ ሥራ የላትም፣ ልጄ» አሉ አዛውንቱ። «ዛሬ ብቻዬን እመርጣለሁ።»

ሃራዳን ባቡ ካርትሪጁን ገጠሙ። ቢናፓኒ ይዘው የመጡትን ሸክላ አስቀምጠው መርፌውን በመጨረሻው ዘፈን ላይ አሳረፉ። አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ። ከኋላቸው የቆመ ሰው የለም።

ቢናፓኒ በጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ምቱን ይቆጥሩ ነበር። የዘፋኟ ድምፅ ከፍ አለ፤ መርፌው ሳተ፤ ዘፈኑ ተንጫጫ፤ እንደገናም ተንጫጫ። ጣታቸው ቆመ። ሱታፓ የጣፋጭ ሳህን ይዛ ደረጃው መሃል ደርሳ ነበር፤ እሷም ቆመች።

«ይሄ ይከተላል!» አሉ ሃራዳን ባቡ፣ ፊታቸው በርቶ።

ቢናፓኒ ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥሎ ደረጃው ላይ የቆመችውን ልጅ አዩ። የዕድሜ ልክ የዘፈን መምህር ናቸው፤ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«እጅግ ጥሩ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «እሱን እወስዳለሁ።»

አዛውንቱ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማሽ? ያለ አንቺም ይቻላል! ልብሽን ጥለሽ መሄድ ትችያለሽ። በይ ፍረጂ፤ ምርጫዬ እንዴት ነበር?»

ኒሩፓም ዓይኖቿን ፈለገ። እሷ ሳህኑን ነበር የምታየው። ሳሪው በጣም አምሮባታል።

«ጥሩ መርጠሃል፣ ባባ» አለች።

ኒሩፓም መልሱን ሰማ። ያለ እሷ እንደማይችሉ እያወቀች እንዲህ ብላ ዋሽታ፣ አባቷን ጥላ እንደማትሄድ ያውቃል።

በማግስቱ ሃራዳን ባቡ ዓሣ ሊገዙ ገበያ ሲወጡ ኒሩፓም መጣ። ሱታፓ አባቷ የመረጡትን ፈትታ፣ ከባዱን ክንድ የሚስማማ ሌላ ካርትሪጅ እየገጠመች ነበር።

«ንገሪያቸው» አላት።

«ብነግረው ሂጂ ነው የሚለኝ። ከዚያ ሱቁን ይዘጋል። ትናንት እንዴት ደስ ብሎት እንደዋለ ባየህ! ለጎረቤቱ ሁሉ ሲያወራ ነበር።»

«እኔ ልምጣ እንግዲህ። እዚህም ኮሌጅ አለ።»

«ባባ አማቹን ቤቱ አያኖርም፤ ሚስቱ ቤት የገባ ብሎ ሰፈሩ መሳቂያ ያደርግሃል።»

«ይሳቁ።»

«እናትህስ?» ብሎኑን አጥብቃ ቀና አለች። «ቤታቸውስ? ተማሪዎቻቸውስ? አንተ ‹አባትሽን ተይ› ብለህ አታውቅም፤ እኔም ‹እናትህን ተዋት› አልልህም። ክፉ ሴት በሆኑ ይቀለኝ ነበር። ሰምተው ዝም አሉለት እኮ!»

እሷ ሸክላ አስቀመጠች፤ ሁለቱም ቆመው የመጨረሻውን ዘፈን ሰሙ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ፤ አንድም ቦታ አልተሰበረም። ሲያልቅ ክንዱን ያነሳ የለም፤ መርፌው ባዶውን መንገድ ሲዞር ቆየ።

«ውሰደው» አለች በመጨረሻ። «ባባ ሳይመጣ።»

የጧቱ ባቡር ወደ ሰሜን ሲጓዝ ቢናፓኒ ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ማጫወቻው በመካከላቸው ነው።

«ማ፣ ብጠብቃትስ?» አለ ኒሩፓም።

ቢናፓኒ በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ባቡሩ የጋንጋን ወንዝ ድልድይ መሻገር ጀምሯል፤ ከታች ወንዙ ሰፊና ድፍርስ ነበር።

«ጠብቃት» አሉ። «ግን አትጠይቃት።»

«ለምን?»

«አንድ ቀን ይደክማትና እሺ ትልሃለች። ከዚያ እኛ ቤት ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ የምታዳምጠው አባቷን ነው።»

እናቱ ስንቁን ፈቱ፤ ከሉቺው፣ በዘይት ከተጠበሰው ቂጣ፣ ቆርሰው ድንች ጠቀለሉበትና፣ የኮሌጅ መምህር መሆኑን እንደረሱ ሁሉ፣ በሰው ፊት ወደ አፉ አቀረቡለት። ጎረሰ። ለማላመጥ ግን ጊዜ ወሰደበት።