ከማዶ የመጣው መልስ

ሀቢቡላህ በወግዲ በኩል ካለው ገደል አፋፍ፣ ሰብል በሚጠብቅባት ጎጆ ውስጥ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ሲገኝ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነበር። ያገኘችው ሚስቱ አስያ ናት፤ የታሰረችውም እሷው። በዚያው ጧት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በከላላ በኩል ማዶ የምትኖር እኅቱን ዘሊካን እንደ ወትሮው ሲጣራ የማዶው መንደር ሁሉ ሰምቷል። ከዚያ ወዲያ ወደ ጎጆዋ የሄደ ከአስያ በቀር የለም።

ኢንስፔክተር የኔአለም ከመካነ ሰላም ስትደርስ መጀመሪያ ያነጋገረችው አስያን ነው።

«ቁርሱን ይዤ ነው የሄድሁ። ስነካው እንደ እንጨት ደርቋል። ወላሂ እኔ አልገደልሁትም።»

«ማታ የመጣበት ሰው ነበር?»

«ሙጀሂድ፣ የእኅቱ ልጅ። በአያቱ መሬት ተጨቃጨቁ አሉ።»

አስራ ሁለት ሰዓት ላይ የተጣራ ሰው ሁለት ሰዓት ላይ እንዲህ አይደርቅም። የሞተ ሰው ደግሞ አይጣራም። የኔአለም ፈራች፤ ብትደብቀውም ፈራች። የማዶ ሰዎችም «ሩሑ ናት የተጣራች» እያሉ ጎህ ሲቀድ ከቤት መውጣት ትተዋል።

ስልኳ ላይ ያለው ካርታ ከአፋፍ እስከ አፋፍ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ይላል። በበቅሎ ወንዙን ተሻግራ ማዶ ለመውጣት ግን ስድስት ሰዓት ፈጀባት። መንገዱን ሙሉ ካርታውን የሠራውን ሰው ስትረግም ነበር።

ዘሊካ አፋፉ ላይ ተቀምጣለች። ልጇ ሙጀሂድ ጋቢ እያለበሳት ነበር።

«አልሸሽግም፣ ተጨቃጭቀናል» አለ። «በሕይወት ትቸው መጣሁ። ጧት ሲጣራ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ወዲያው ከጎረቤት ጋር ከብት ሳሰማራ ነበር። ማዶ በርሬ ልሂድ?»

የኔአለም ወደ እናቱ ዞረች። «እማማ ዘሊካ፣ የዚያን ጧት ምን ተባባላችሁ?»

«ሁሌ እሱ ነው የሚቀድም። ‹ደህና አደርሽ ወይ?› ይላል። ‹አልሐምዱሊላህ፣ አንተስ?› እላለሁ። ድምፄ ደርሶ የሱ እስኪመለስ ሶስት ጊዜ በነቢዩ ላይ ሰለዋት አወርዳለሁ። አርባ ዓመት እንዲህ ነው።»

«የዚያን ዕለትስ?»

«ሰለዋቱን ሳልጀምር መለሰልኝ። ቸኩሎ ነው ብየ…»

በሦስተኛው ቀን ንጋት የኔአለም አስያን አስመጥታ ሁሉንም አፋፉ ላይ ሰበሰበች። ምክትል ሳጅን አለምነው ከማዶ፣ ከሟቹ ጎጆ፣ ተጣራ፤ ዘሊካ መለሰች። ሶስት ሰለዋት ካወረደች በኋላ ነው የሱ ድምፅ የደረሰው። ቀጥሎ ከእግራቸው ሥር ካለው ዋሻ ሌላ ፖሊስ ተጣራ፤ ድምፁ ከማዶ የሚመጣ ይመስል ነበር። ዘሊካ መለሰች። የሱ መልስ ወዲያው መጣ።

«ሀቢቡላህ የሞተው ማታ ነው፤ አስያ ስትደርስ የደረቀው ለዚህ ነው» አለች የኔአለም። «ገዳዩ ሌሊቱን ተሻግሮ እዚህ ዋሻ ገባ። ሟቹ ጧት በሕይወት ነበር ከተባለ የማዶ ሰው አይጠረጠርም። ስለዚህ ድምፁን አስመስሎ ተጣራ፣ ከዚያ ጎረቤት መሀል ታየ። ድምፅም ገደሉን ለመሻገር ጊዜ እንደሚወስድበት ግን አላሰበም። ያን ማታ ጎጆው የነበረ፣ ድምፁንም ከልጅነቱ የሚያውቅ ከዚህ መንደር አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ሰው ሁሉ ሙጀሂድን አየ።

«መልሱ መቅደሙን የሚያውቁ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ እማማ» አለች የኔአለም ቀስ ብላ። «ቃልዎን ካልሰጡኝ አስያ ወደ እስር ቤት ትመለሳለች።»

ዘሊካ አስያን አየች። ልጇን ግን ማየት አልቻለችም።

«ጻፊ፣ ልጄ። ሰለዋቱን አልጀመርሁም ነበር።»

ሙጀሂድ ወድቆ እግሯን ያዘ። «እማ፣ አፉ በይኝ!» ብሎ ጮኸ።

ልክ እንደ ወንድሟ ድምፅ ነበር። ዘሊካ ሁለት ጆሮዎቿን በእጆቿ ደፈነች።