ቀይ መስመር የሌለው ድንጋይ

ዶክተር ላጲሶ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያገላብጧቸው በኖሩት ድንጋዮች መካከል ሞተው ተገኙ። ሰኞ ጠዋት ነው፤ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ጀርባ ባለው የናሙና መጋዘን ውስጥ፣ ማጅራታቸውን ተመተው፣ በደረታቸው ተደፍተው። በሩ ተቆልፎ ነበር። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያላቸው ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ ሉቃስ፣ የሟቹ የሠላሳ ዓመት ባልደረባ ዶክተር አዝመራ፣ የሁለቱም ተማሪ የነበረችውና ዛሬ ረዳታቸው የሆነችው ሐሴት።

ሦስቱም እሑድ ከሰዓት የት እንደዋሉ ተጠየቁ። ጋሽ ሉቃስ አራብሳ ቤቴ ተኝቼ ነበር አሉ፤ ዶክተር አዝመራ ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ካፌ ብቻዬን ሳነብ ነበር አለች። መጋዘኑ ውስጥ ነበርኩ ብላ ያመነችው ሐሴት ብቻ ናት፤ እውነት መናገርም አንዳንዴ እንዲህ ጦስ አለው።

ማክሰኞ መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሸዋዬ ነገራ ወደ መጋዘኑ ተመልሳ መጣች። ባዶ ሳጥን ገልብጣ ተቀመጠችና፣

«እሑድ ከሟቹ ጋር ተጣልተሽ ነበር አሉ» አለቻት።

ሐሴት ክው አለች። ያንን ነገር ከእሷ ሌላ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን ነገረዎት?»

«መጠየቁን ለእኔ ተዪልኝ።»

«ጠብ አይደለም። ያገኙትን አዲስ ነገር ለእትዬ አዝመራ አንቺ ንገሪልኝ አሉኝ። አልችልም አልኳቸውና አልቅሼ ወጣሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፤ ደኅና ነበሩ።»

«ከዚያስ?»

«ለእትዬ ደወልኩላት። እያለቀስኩ ሁሉንም ነገርኳት።»

ለሌላ ለማን ትደውላለች? ከሆሳዕና ለትምህርት ስትመጣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ አልነበራትም። አዝመራ ናት ቤቷ ያስገባቻት። «እኔን እርስዎ ካልሽ በሬን አልከፍትልሽም» ብላት ነበር በመጀመሪያው ቀን። ስትመረቅ በእናቷ ቦታ የቆመችው እሷ ናት።

«ያገኙት ነገር ምንድን ነው?» አለች ሸዋዬ። «ለገበሬ ልጅ እንደሚነገር ንገሪኝ። አባቴ ዛሬ ኮንዶሚኒየም የበቀለበት መሬት ላይ ጤፍ ያርስ ነበር።»

«እትዬ በመጽሐፏ እንዲህ ትላለች። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ መሬት ሲሰበር ዳርቻው ብድግ ይላል፤ ጎርፉ ወዲያው ጠጠር ያወርዳል። ስለዚህ ጠጠር ከታች፣ ጭቃ ከላይ። ዶክተር ላጲሶ ደግሞ፣ የለም፣ መሬት ሲሰበር መጀመሪያ ሸለቆው ይሰምጣል፣ ሐይቁ ጥልቅ ይሆናል፣ ቀድሞ የሚተኛው ጭቃ ነው አሉ። ተራራው ተሸርሽሮ ጠጠሩ እስኪደርስ ብዙ ዘመን ያልፋል። አሁን ከተቆፈረው ጉድጓድ የወጣው ድንጋይም ጭቃው ከታች፣ ጠጠሩ ከላይ ነው።»

«የሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ተገለበጠ በይኛ።»

ሸዋዬ ተነስታ፣ በር ላይ የቆሙትን ጋሽ ሉቃስን አስከትላ በሳጥኖቹ መካከል ተመላለሰች። በእያንዳንዱ ሳጥን ከምድር ሆድ ተቦርቡሮ የወጣ የድንጋይ ዘንግ ተጋድሟል፤ በላዩ ቀይና ሰማያዊ መስመር ጎን ለጎን ተሰምሮበታል።

«መስመሩ ምን ያደርጋል፣ ጋሽ ሉቃስ?»

«ድንጋዩ ሲቆም ቀዩ በስተቀኝ ይውላል። ራሱና እግሩ እንዳይምታታ ነው።»

«ይሄኛው ግማሹ ጠጠር፣ ግማሹ ጭቃ የሆነው ግን የለውም።»

ሽማግሌው በጣታቸው ዳሰሱት። «ቅዳሜ ነበረው። በሽቦ ብሩሽ ተፈግፍጓል።»

ሸዋዬ አቀማመጡን ፎቶ አነሳች፤ ድንጋዩን በጨርቅ ጠቅልላ ለምርመራ ላከችው። በጠጠሮቹ መካከል ብሩሽ ያልደረሰበት ደም ተገኘ።

ዓርብ ጠዋት ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አዝመራ ጥቁር ለብሳ የሐሴትን እጅ ይዛ ነበር። ሐሴት ማን እንደነገረባት እያወቀች እጇን አላስለቀቀችም። አስባልኝ ይሆናል ስትል ራሷን አታለለች።

«ዶክተር ላጲሶ የተገደሉት በዚህ ድንጋይ ነው» አለች ሸዋዬ። «ገዳዩ ደሙን ሲያጥብ መስመሩ አብሮ ጠፋ። ጫፍና ጫፉ በመጋዝ የተቆረጠ ስለሆነ የሚገጥምበት ስብራት የለውም። እስቲ በየተራ ወደ ሳጥኑ መልሱልኝ።»

ጋሽ ሉቃስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መስመር የሌለውን አልመልስም። ‹ያልታወቀ› ብዬ ለብቻው ነው የማኖረው።»

ሐሴት ጠጠሩን ወደ ላይ፣ ወደ ሳጥኑ ራስጌ፣ ጭቃውን ወደ ታች፣ ወደ ግርጌው አድርጋ አስቀመጠችው።

«እንዲህ አይደለም፣ ልጄ» አለች አዝመራ። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ስህተት ስታርም የኖረች እጅ ናትና አልታገሰችም፤ አንስታ ገለበጠችው። ጠጠሩ ከታች ሆነ።

ሸዋዬ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ማክሰኞም ያገኘሁት ልክ እንዲህ ሆኖ ነው። ጋሽ ሉቃስ ቢሆኑ ለብቻው ባኖሩት። ሐሴት ብትሆን ጭቃውን ወደ ታች ባደረገችው፤ ከዶክተር ላጲሶ ጋር አይታዋለች። ቁልፍ ካላቸው ሰዎች ይህን ድንጋይ በመጽሐፉ መሠረት የሚያስቀምጠው አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«መጽሐፉ ትክክል ቢሆንስ?» አለች አዝመራ። ከግድያው ይልቅ ይሄኛው ነበር ያሳሰባት።

ሸዋዬ ጭቃው ውስጥ፣ በጠጠሩ በኩል ወፍረው ወደ ሌላው ጫፍ እየቀጠኑ የተበተኑ ቡናማ ክሮችን አመለከተች። «ይህ ምንድን ነው፣ ሐሴት?»

«ሥር ነው። ሐይቁ ዳር የበቀለ ደንገል።»

«እርስዎ እንዳስቀመጡት ከሆነ ሥሩ የሚያድገው ወደ ሰማይ ነው። አባቴ ማንበብ አይችልም ነበር፤ ይህን ግን ያውቅ ነበር።»

አዝመራ ጎንበስ ብላ ሥሩን አየችው፤ የሐሴትንም እጅ መልሳ ያዘች።

«ሐሴት ስትደውልልኝ ልለምነው ነው የመጣሁት» አለች በመጨረሻ። «ጡረታ እስክወጣ አንድ ዓመት ታገሰኝ አልኩት። ድንጋዩን አንስቶ ‹ይህን ሥር እዪው› አለኝ። አላየሁለትም። ነጠቅኩት፤ ዞር ሲል መታሁት።»

ሐሴት እጇን አስለቀቀች። የደወለችው እሷ ናት። መምህሯን ለሞት የዳረገው የእሷ ታማኝነት ነው፤ ይህ ከማንኛውም ክስ በላይ አቃጠላት።

«ጠቡን ለፖሊስ የነገርሽው እኔን ልታስይዢኝ ነው?»

«አንቺ ልጅ ነሽ፤ ማስረጃ የለም ብለው ይለቁሻል ብዬ ነው።»

«ያመኑት ፈረስ…» ብለው ጋሽ ሉቃስ የቀረውን ዋጡት።

ፖሊሶቹ አዝመራን ይዘው ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ስትደርስ እንደ ሁልጊዜው ዞር አለች። «ምሳ ሳትበዪ እንዳትውዪ።»

ሐሴት አንደበቷ ላይ የመጣውን «እትዬ» ወደ ውስጥ መለሰችው።

«እሺ፣ ዶክተር አዝመራ» አለች። «ይሂዱ፤ እየጠበቁዎት ነው።»

ዶክተር አዝመራ በሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ።