መጽሐፍ ውስጥ የተደበቀው ሰዓት

ሰው የምታሠሩም፣ ለሰው የምትሠሩም ስሙኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቃል ማሳመር አልችልበትም። ያየሁትን ግን አልረሳም፤ የተናቅሁትንም እንደዚያው።

ፊላደልፊያ፣ ወንዙ ዳር ባለ የብረት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ቶርኖ በሚባለው የብረት መላጊያ ማሽን ላይ ቆሜያለሁ። የባቡር መንኮራኩር የሚለብሰውን የብረት ቀለበት እየላግን ልኩን እናስይዝ ነበር። አንድ ልማድ ነበረን። በቀን አሥራ ስድስት መጨረስ እየቻልን ከአሥር አናልፍም። አለቃ ብቅ ሲል በር አጠገብ ያለው ሰው በመፍቻ ብረቱን ሁለቴ ያንኳኳል፤ ያኔ ሁላችንም እጃችንን እናከብዳለን። "አሥራ ስድስት ካሳየናቸው ነገ ሃያ ይሉናል" እንል ነበር። ሐሰት አይደለም፤ ብለውናልም።

ኤድመንድ ክራንስተን የሚባል ወጣት ከጎኔ ባለው ቶርኖ ሥራ ጀመረ። የብረቱ ፍቅፋቂ ወደ ሰማያዊ ሲያደላ መቁረጫው መጋሉን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ድንቹን ከእኔ ሳህን በልቷል፤ መፍቻውንም ከእኛ እኩል አንኳኩቷል። ከዚያ ካቦ ሆነ፤ እየተማረም መሐንዲስ ወጣው። ሥራን በሳይንስ የሚመራ ሰው ተባለና ከቦስተን ድረስ ሊሰሙት ይመጡ ጀመር። ስለ ፍቅፋቂው ቀለም መጽሐፍ ጻፈ። የእኔ ስም የለበትም። "አንድ ያልተማረ ሠራተኛ" ይላል። እሱ እኔ ነኝ።

አንድ ሰኞ ጀርመናዊው ባልደረባዬ ላምበርት ክንዴን ነካ አደረገኝ።

"ማላኪ፣ መሐንዲሱ ቆሞ የሚያነበውን መጽሐፍ አይተህልኛል?"

"ምን ሆነ?"

"ከጠዋት ጀምሮ አንድ ገጽ! እኔ እንኳ እንግሊዝኛ ማንበብ ሳልችል ከሱ እፈጥናለሁ።"

ዘይት ላመጣ መስዬ በጀርባው አለፍኩ። የመጽሐፉ ሆድ ተቦርቡሮ ሰዓት ተቀብሮበታል፤ ለካ የምንሠራበትን ደቂቃ በስውር እየቆጠረ ኖሯል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሉንም፣ እርሳሱንም፣ "ደህና አደራችሁ" ማለቱንም መጠርጠር ሆነ ሥራችን።

በዚያው ሳምንት የመጣው ቀለበት ከሌላ እቶን የወጣ ነበር። ቆዳው አሸዋ የበላ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ። ቸኩለህ ከገባህበት መቁረጫውን ይሰብረዋል። እኔም አዘገምኩ፤ በዕድሜዬ አንዴ፣ ያለ ማስመሰል። ክራንስተን መጽሐፉን ይዞ ከኋላዬ ቆመ። ሥራው አምሳ ስምንት ደቂቃ ፈጀ።

"ዱጋን፣ ግማሹ ጨዋታ ነው" አለኝ በአባቴ ስም ጠርቶ። "እኔም መፍቻ ያንኳኳሁ ሰው ነኝ። እኔን አታታልልም።"

"ቆዳውን በእጅዎ ይዳስሱት" ማለት እችል ነበር። ያ "ያልተማረ" የሚለው የመጽሐፉ ቃል ግን ትዝ አለኝ።

"እርስዎ ያውቃሉ፣ ጌታዬ" አልኩት።

በማግስቱ በየቶርኖው ላይ ካርድ ተሰቀለ። ለአንድ ቀለበት ሠላሳ አምስት ደቂቃ፤ ያልቻለ ይሰናበታል። ላምበርት አራት ልጆች አሉት። ካርዱን አየ፣ ብረቱን አየ፣ ወደ እኔ ዞረ።

"ማላኪ፣ ይሄ ነገር በዚህ ፍጥነት ይቻላል?"

"ካርዱን ጠይቀዋ! የጻፈው የተማረ ሰው ነው።"

"አንተ ተንኮለኛ!" ብሎ ሳቀና ቶርኖውን አስነሳ። ሦስተኛው ቀለበት ላይ መቁረጫው ተሰበረ። ስባሪው የላምበርትን ቀኝ ዓይን ይዞት ሄደ።

ላምበርትን ተሸክመው ካወጡት በኋላ ክራንስተን እየሮጠ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እንደማይቻል እያወቅህ ለምን ዝም አልክ?"

"አንተስ ሰዓቱን ለምን ደበቅኸው?" አልኩት። በአሥር ዓመት ውስጥ "አንተ" ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። "መጽሐፉን ዘግተህ 'ማላኪ፣ ምን ያዘህ?' ብትለኝ እነግርህ ነበር።"

"ትነግረኝ ነበር?" አለ ቀስ ብሎ። "እውነት?"

ስንት ዓመት ሙሉ አሥራ ስድስቱን አሥር ስንለው ኖረን፣ እውነት የተናገርንባት አንዲት ቀን በማን ትታመን?

ክራንስተን ሰዓቱን ከመጽሐፉ ሆድ አውጥቶ በግላጭ ቶርኖው ላይ አስቀመጠው። እጁን ይዤ የብረቱን ቆዳ አስዳሰስኩት። አዲሱ ካርድ ስልሳ ደቂቃ አለ። በእሱም ላይ ስሜ የለም።

አሁን ግን የሚያንገበግበኝ ይህ አይደለም። ላምበርት ከሐኪም ቤት ሲመለስ እቃ ቤት አስገቡት፤ በመስኮት መቁረጫ ያድላል። አንድ ቀን እጄን ስዘረጋ መቁረጫውን አልሰጥም ብሎ ያዘው።

"ያን ቀን ስጠይቅህ ታውቅ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። "አውቅ ነበር" አልኩ።

በአንድ ዓይኑ ተመለከተኝ። "በእሱ መቀየምህስ ይሁን። እኔ ምን አድርጌህ ነው?"

እናንተ ሰዎች፣ ሰዓቱን የሚደብቅ አለቃ የሚለካው ውሸት ነው። ዕውቀቱን የሚደብቅ ሠራተኛም አለቃውን የጎዳ ይመስለዋል እንጂ የሚጎዳው አጠገቡ የቆመውን ነው። ቂም ዒላማ አያውቅም።

ዛሬ አዲስ ብረት ሲገባ መጀመሪያ የምዳስሰው እኔ ነኝ። ክፉ ከሆነ መፍቻዬን አንስቼ ሁለቴ አንኳኳለሁ፤ ሰው ሁሉ ቶርኖውን አቁሞ ሊሰማኝ ይመጣል፣ ክራንስተንም ጭምር። ላምበርት ድምፁን ሲሰማ በመስኮቱ ቀና ይላል። እስከ ዛሬ ግን አንዴም ፈገግ ብሎልኝ አያውቅም።