የአሥራ አራት ቁጥር አልጋ

የአሥራ አራት ቁጥር አልጋ ባለቤት፣ ሽማግሌው፣ የትኋን መድኃኒት በተረጨበት የብርድ ልብስ ክፍል ውስጥ በሩ ሥር ተኮራምተው ሞተው ተገኙ። በሩ ከውጭ ተቀርቅሮ ነበር። ከፍታ ያገኘቻቸው የመጠለያው ኃላፊ ናት፤ ጠዋት ለሠራተኞቹ «በዚያ ያለፈ ይቀርቅረው» ብላ ያዘዘችውም ራሷ። ምን ዓይነት ጣጣ ነው!

የከተማው ጽሕፈት ቤት ቁርጡን ነገራት፤ ጥፋተኛው ዛሬ ካልታወቀ ቤቱ ይታሸጋል። መጠጊያ የሌላቸው ስልሳ ሰዎች ግቢው ውስጥ ሸራ ሥር ዝናቡን ተጠልለዋል። የመጣው የፖሊስ መርማሪ ደግሞ በር አዘግቶ ማንም እንዳይወጣ ከልክሏል። ሴትዮዋ መፈናፈኛ አጣች።

«ሟቹን እሳቸው ይላሉ?» አላት መርማሪው፣ መቀርቀሪያውን እየከፈተና እየዘጋ።

«እዚህ ሌላው ሁሉ የሚባለው አንተና አንቺ ነው፤ እኔም ጭምር። እኚህ ግን አንቱ ካልተባሉ ዞር ብለው አያዩም ነበር።»

«የሞቱት እሳቸው መሆናቸውን ለማን ነገሩ?»

«ለእርስዎ ብቻ።»

«እንግዲያው ዝም ይበሉ።»

ጠዋት ሕንፃው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሠራተኞች ናቸው። አንድ በአንድ ቢሮ አስገባቸው። ለሁሉም ያለው አንድ ነው፤ «ከነዋሪዎቹ አንዱ ሞቷል።»

«ውይ! የትኛው?» አለ ዘበኛው። «እኔ እኮ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም!»

ነርሷ ቦርሳዋን አፈፍ አደረገች። «የት ነው ያለው? ምናልባት ይተርፍ ይሆናል፣ ልየው!»

ዕቃ ጠባቂው ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ምንም አልሰማሁም።»

መርማሪው የአልጋ ተራ የሚጠብቁ ሰዎችን መዝገብ አስመጣና ገጹን ጥቂት አየው። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰባቸው።

«በሩ በውስጥ በኩል በጥፍር ተቧጭሯል» አለ። «ሟቹ በሩን ደብድበዋል፤ ተጣርተዋል። ስለዚህ የዘጋው ሰው ማን ውስጥ እንዳለ ያውቅ ነበር። እኔ የሟቹን ማንነት አልተናገርኩም። ዘበኛው የትኛው አለ፤ ነርሷ ልየው አለች። አንተ ግን ነፍሳቸውን አልክ። እዚህ ቤት አንቱ የሚባሉት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ።»

«ሟች ይከበራል ብዬ ነዋ!» አለ ዕቃ ጠባቂው።

«እሺ ይሁን። አልጋ የሚገኘው ሰው ሲወጣ ወይ ሲሞት ነው። መዝገቡ ላይ ተራው አንደኛ የሆነው ሰው የአባቱ ስም ካንተ አባት ስም ጋር አንድ የሆነውስ ለምንድን ነው?»

ዕቃ ጠባቂው ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ታናሽ ወንድሜ ነው። ሳንባውን ታሟል፣ ሦስት ወር ሙሉ አጥር ሥር ነው የሚያድረው። ሽማግሌው ካፖርታቸውን ሊያወጡ ሲገቡ አየሁና ዘጋሁት። ሲጣሩ ሰማሁ። በስሜ ነበር የጠሩኝ።»

ነርሷ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። ፖሊሶች ዕቃ ጠባቂውን ወሰዱት።

ጽሕፈት ቤቱ መልሶ ደወለ፤ ቤቱ አይታሸግም፣ ባዶው አልጋ ግን በደንቡ መሠረት ዛሬውኑ ለተረኛው ይሰጥ። ኃላፊዋ ተናደደች። ቢሆንም መዝገቡን ብብቷ ሥር ሸጉጣ ወደ ውጭው በር ሄደች። ፕላስቲክ የለበሰ ከሲታ ሰው እየሳለ ተነሣ።

«ተራህ ደርሷል» አለችው።

«ተመስገን! ወንድሜ ጠዋት በአጥሩ በኩል ነግሮኝ ነበር፣ ዛሬ አልጋ ይገኝልሃል ብሎ። የታለ እሱ?»

ኃላፊዋ በሩን ገፋ አድርጋ ከፈተችለት።

«መጀመሪያ ግባ» አለችው።