የወይዘሮ ቢያን ቀይ ጉንጭ

ወይዘሮ ቢያን በሞቱበት ጠዋት ጉንጫቸው እንደበሰለ ኮክ ቀልቶ ነበር። ሰባ አንድ ዓመት የኖሩት፣ ብርዱ በገባ ቁጥር ፊታቸው አመድ የሚመስለው አሮጊት ሬሳ ሲሆኑ አማረባቸው። ጎረቤቱን ሁሉ ያስደነገጠውም ይኸው ነው።

ወሩ እኛ የታይዩዋን አውራጃ ሰዎች እሳት የማንነካበት ወር ነበር። በጥንት ዘመን ተራራ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ለሞተው ታማኝ ሰው ሐዘን ስንል፣ ብርዱ በሚብስበት ጊዜ ምድጃችንን አጥፍተን አስቀድሞ የበሰለ የገብስ ገንፎ ቀዝቃዛውን እንበላለን። እሳት ያነደደ ቤት በመንደሩ ሰብል ላይ መቅሰፍት ያመጣል ይባላል። ደግ ልማድ ነው እንል ነበር። አዛውንቶቻችን በየዓመቱ በዚሁ ወር ሲረግፉ ግን ቀና ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

የአውራጃው መርማሪ ሙ ዣንግ በቅሎውን በሟቿ ግቢ በር ላይ ሲያስር ረፍዶ ነበር። ቀጭን፣ ጉንፋን የማይለቀው፣ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ የሚቀልድ ሰው ነው። አፉ ቢቀልድም ዓይኑ አይቀልድም። ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቆሞ የሦስቱን ክፍሎች ጣራ አየ። ሁለቱ በረዶ እንደለበሱ ነበሩ። የሦስተኛው በረዶ ግን ቀልጦ ሸክላው ይታያል፤ ከክፈፉም ላይ የረጋ ውሃ እንደ ጦር ተንጠልጥሏል።

«ይህ የማን ክፍል ነው?»

«የሟቿ ነው፣ ጌታዬ» አለ የመንደሩ አለቃ ሽማግሌው ገንግ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ምራታቸው ገንፎው ውስጥ መራራ የኮክ ዘር ጨምራ ገደለቻቸው። ፊታቸውን ቢያዩት የመርዝ ፊት ነው። አማቷን የገደለች አንገቷ ገበያ መሃል ይቀላል፤ እኔ ምን እጨምራለሁ?»

«ግልጽ ከሆነማ በዚህ ብርድ በቅሎዬን ምን አስለፋት?»

ምራቲቱ ቺያዎ እጇን የኋሊት ታስራ ግቢው ውስጥ ተንበርክካለች። አላለቀሰችም። ባሏ ሃዎ ፒንግ ወደ ግቢው በወጣው የእናቱ ሬሳና በሚስቱ መካከል ቆሞ፣ ወዴት እንደሚዞር ጠፍቶታል። የምታለቅሰው የእሱ ታላቅ እህት ዪን ነበረች። እናቷን ልታስታምም ከባሏ አገር ከተራራው የወረደችው ከአራት ቀን በፊት ነው።

«ጎህ ሲቀድ ገብቼ አይቻታለሁ!» አለች ዪን ደረቷን እየደቃች። «ደህና ተኝታ ነበር። ፊቷ ቀልቶ፣ እንደ ሙሽራ አምሮባት! እንዲህ አምሮባት አይቼ አላውቅም። ፀሐይ ስትወጣ ይቺ ገንፎ ይዛ ገባች፤ ወዲያው ጩኸቷን ሰማን።»

«ገንፎው ሳይገባ ነው ታዲያ ጉንጫቸው የቀላው?»

«ሳይገባ ነው! ደህና ነበረች ስልዎት!»

«አብረሻቸው ነው ያደርሽው?»

«አይ፣ ከእሷ ጋር ነው ያደርኩት። ከገዳይ ጋር!» ጣቷን ወደ ቺያዎ ቀሰረች። «እናቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጉርሳት፣ አልብሳት...»

«በርቺ እህቴ። ባልሽ ለቀብር ይደርሳል?»

«መንገዱ ሩቅ ነው። ከሰል አክሳይ ነው፤ ከተራራው አይወርድም።»

ሙ ዣንግ ወንድምየውን ሃዎ ፒንግን ወደ ጎን ወሰደው።

«ለሟች ስንቅ የሚሆነውን እህል በአፋቸው ያኖርክላቸው አንተ ነህ?»

«የልጅ ወጉ ነው ብዬ ሞከርኩ፣ ጌታዬ። የቀንድ ማንኪያ በጥርሳቸው መሃል ላስገባ ብል መንጋጋቸው እንደ ድንጋይ ደርቆ እምቢ አለኝ። እናቴ ባዶ አፋቸውን ሊሄዱ ነው።»

«መቼ ነው የሞከርከው?»

«ቺያዎ እንደጮኸች ወዲያው። ገንፎው እንኳ ሳይነካ አጠገባቸው ነበር።»

መርማሪው ክፍሉ ውስጥ ገባ። መስኮቱና የበሩ ስንጥቅ በውስጥ በኩል በጨርቅ ተደፍኗል። በአልጋው እግር ሥር ያለው ምንጣፍ በሦስት ቦታ ጠቁሯል፤ ባለ ሦስት እግር ነገር ተቀምጦበት ነበር። ጥግ ላይ ዪን ያመጣችው የቴምር ቅርጫት አለ። ቴምሩን ገለጥ አድርጎ ጣቱን ቢሰድ ጥቁር ዱቄት ይዞ ወጣ። ጣቱን በእጅጌው ጠረገ። ከዚያ ወጥቶ ከቺያዎ ጎን በርከክ አለ።

«ስትገቢ ክፍሉ ሞቆ ነበር፤ አይደለም እንዴ?»

ለመጀመሪያ ጊዜ እንባዋ ፈሰሰ። «ለእትዬ ዪን አይንገሯት፣ ጌታዬ» አለች በሹክሹክታ። «አጎቴ የሞተው እንደዚያው ነው፤ ጠረኑን አውቀዋለሁ። እናቷን እኮ ነው! ይህን ሰምታ እንዴት ትኖራለች?»

«አንቺስ? ሰይፍ ሲመጣብሽ ለአንገትሽ አታስቢም?»

«እዚህ ይደርሳል አላልኩም ነበር። ከደረሰ በኋላ ደግሞ አፌ እምቢ አለኝ።»

«እኔ ዝም ካልኩ ነገ ትሞቻለሽ፣ ልጄ» አለ ሙ ዣንግ። ሥራውን የጠላበት ቀን ቢኖር ያ ቀን ነው።

አራቱንም በሬሳው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«ገንፎው አልገደላቸውም» ብሎ ጀመረ። «አልቀመሱትም። መንጋጋም በአንድ ጊዜ አይደርቅም። ሃዎ ፒንግ ማንኪያውን ሲሞክር እናቱ ከሞቱ ሰዓታት አልፈዋል። ጎህ ሲቀድ ተኝተዋል የተባሉት ሴትዮ ተኝተው አልነበረም።»

ዪን ማልቀሷን አቆመች።

«አለቃ ገንግ፣ ቀና ብለው ጣራውን ይዩት። በረዶውን ምን አቀለጠው?»

ሽማግሌው አየ፤ ፊቱ ተለወጠ። «እሳት! በተከለከለው ወር እሳት!»

«እሳት ነው። ጭስ ቢኖር እርስዎ ያዩት ነበር፤ ከሰል ግን ጭስ የለውም። ነበልባሉ በውጭ እንዳይታይ መስኮትና በሩ ተደፈነ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል የሰው ትንፋሽ ይሰርቃል፤ አያሳምም፣ አያስጮህም። ያስተኛል፣ ጉንጭ ያቀላል፣ ይገድላል። በዚህ ቤት ከሰል የለም። ከተራራ የመጣው ግን ከቴምር ሥር ነበር።» ድምፁ ዝግ አለ። «እህቴ፣ ባልሽ የሚያከስለው ደጅ ላይ ነው። ጎጇችሁንም ነፋስ እንደልቡ ይገባበታል። አታውቂም ነበር። ጎህ ሲቀድ የገባሽው ማንደጃውን ልታወጪ ነው።»

ዪን ወንድሟን አየች፣ ቺያዎን አየች፣ በመጨረሻ እናቷን አየች።

«ትንቀጠቀጥ ነበር» አለች። «ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ከዚያኛው ክፍል ይሰማኝ ነበር። አነደድኩላት። ‹ሞቀኝ፣ ልጄ፣ አሁን ሂጂ ተኚ› አለችኝ። ሞቀኝ ነው ያለችኝ።»

«እሳት ያነደደች ትቀጣለች!» አለ ገንግ። «ሕጋችን...»

«አለቃ ገንግ» ሲል አቋረጠው ሙ ዣንግ፣ «ባለቤትዎ ያረፉት በየትኛው ወር ነው?»

«በዚሁ ወር» አለ ሽማግሌው። «አምና።»

«በምን ሞቱ?»

«በሳል።» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «እሳት ለምናኝ ነበር» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ስለ ቅጣትም ደግሞ አላነሳም።

መርማሪው የቺያዎን ገመድ በገዛ እጁ ፈታ። «እኔ የምጽፈው ‹ባለማወቅ የደረሰ ሞት› ብዬ ነው፤ ዳኛውም ይቀበለኛል» አለ።

ዪን ግን ተነስታ ሁለት እጇን ወደፊት ዘረጋች። «እሰሩኝ» አለች።

«አንቺን የምናስርበት ሕግ የለም።»

«እሰሩኝ እንጂ! ገድያታለሁ፤ ይቺን ደግሞ ላስገድላት ነበር።»

እጇን እንደዘረጋች ቆመች። የሚይዛት አልነበረም፤ ሃዎ ፒንግ እንኳ መቅረብ አቃተው። ቺያዎ ገመድ ያሳበጠውን አንጓዋን እያሻሸች መጣችና የዪንን እጆች ያዘች። በረዶ ነበሩ።

«ነይ እትዬ» አለቻት። የካባዋን ደረት ከፍታ የዪንን እጆች በገዛ ብብቷ ውስጥ ሸጎጠቻቸው። በዚያ መንደር ሌላ ማሞቂያ አልነበረም።