ተጋድሜ ያየሁት ግራር

እኔ ስለ መንፈስ፣ ስለ ዛር ምናምን ወሬ ሲነሣ ሰው መሀል የምስቅ ሴት ነኝ፤ ሙያዬ የሕንፃ ንድፍ ነው፣ ያላየሁትንና ያልለካሁትን አላምንም፣ ወንድሜ ጌቱ እንዲያውም «አንቺ እኮ እግዜርንም ሜትር ይዘሽ ነው የምትጠብቂው» እያለ ይተርበኛል። ይህን የምነግራችሁን ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ስቄ አልፈው ነበር፤ ግን እመኑኝ፣ በገዛ ዓይኔ ነው ያየሁት፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ።

አዳማ ዳር፣ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሕክምና ለማያድናቸው ሕሙማን ማረፊያ ሲያሠራ ንድፉን የሠራሁት እኔ ነኝ። የሕመምተኛ ክፍል መስኮት ሁሌ የሚሠራው ለቆመ ሰው ነው፤ የተኛው የሚያየው ኮርኒስ ብቻ ነው፣ ይሄ ነገር ያናድደኛል። ስለዚህ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ በሩን አልጋ ከነሕመምተኛው እንዲያሳልፍ አስፍቼ፣ ክፍሎቹን ግቢው መሀል ወዳለው ትልቅ ግራር አዞርኳቸው። ግራሩን ኮንትራክተሩ ሊቆርጠው ነበር፣ ተጣልቼ ነው ያስቀረሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለአባዬም ብዬ ነው። አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ከሞጆ ጅቡቲ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ካንሰሩ ከጠናበት በኋላ ጌቱ ቤት ጓዳ ውስጥ ግድግዳ እያየ ይተኛ ነበር። ጨጓራ ነው ብለን ደብቀነዋል፣ እሱን ግን ማን ይሸውደዋል? አንድ ቀን «ልጄ፣ ሰማይ ሳላይ አትቅበሩኝ» አለኝ።

ማረፊያው ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን አባዬ የሚገባበትን ክፍል ልፈትሽ ሄድኩ። የእኔ አሠራር እንዲህ ነው፣ አልጋው ላይ በጀርባዬ ተጋድሜ ሕመምተኛው የሚያየውን አያለሁ። ጋደም እንዳልኩ አንድ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ፤ ዘበኛው ነው ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበር ሲጢጥ አለ፣ ከዚያ ለቅሶ ቤት ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደሚያወራው ያለ ማጉረምረም መጣ፣ ግቢው ውስጥ ደግሞ ገና ወንበር የሚባል ነገር አልገባም። አንገቴን ወደ መስኮቱ ባዞር፣ ግራሩ ሥር ሰዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ለሐዘን እንደሚደረገው ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፣ ወንዶቹ ጋቢ ደርበዋል፣ ሁሉም የሚያዩት እኔን ነው።

ብድግ አልኩ። ማንም የለም! መስታወቱ ነው ያወናበደኝ ብዬ መስኮቱን ከፈትኩና እንደገና ጋደም አልኩ፤ አሉ። ስነሣ የሉም፣ ስጋደም አሉ። ለመጨረሻ ጊዜ ስጋደም አንዲት ሴትዮ ከመሀላቸው ተነሥታ ወደ መስኮቱ መምጣት ጀምራለች። ጫማዬን ሳላደርግ ነው ሮጬ የወጣሁት፣ ዘበኛውን ብጠይቀው ከጠዋት ጀምሮ ሰው አልገባም አለኝ፣ ባዶ እግሬን መሆኔን ያየሁት ባጃጅ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ነው።

ለጌቱ ስነግረው «ምሳ ሳትበዪ ፀሐይ ላይ ስትንከራተቺ ውለሽ፣ ደሞ ምን ልታዪ ኖሯል?» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ማመን አልፈለግኩም፣ አባዬን ሰማይ ላሳጣው ነው እንዴ? ማረፊያው ሲከፈት አስገባነው።

ነርሷ ሲስተር ጫልቱ ትራሱን አስተካክላለት እንደወጣች አባዬ በመስኮቱ አየና ፊቱ በራ። «አካም ጅርቱ!» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ እየሰጠ እጁን አነሣ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ተቆጣኝ።

«ይሄን ሁሉ ሰው አስቀምጣችሁ ውሃ እንኳን አትሰጡም?»

ያየሁትን ለአባዬ ትንፍሽ አላልኩም፣ ጌቱም አልነገርኩትም ብሎ ምሏል። መጋረጃውን ልዘጋ እጄን ስሰድ፣ ሲያለቅስ አይቼው የማላውቀው አባቴ አለቀሰ፣ «ደግሞ ጨለማ ውስጥ ልትመልሺኝ ነው?» አለኝ። ተውኩት፣ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ከሰዓት ከሰዓት አልጋውን እየገፋሁ ግራሩ ሥር አወጣው ጀመር። እዚያ ሲሆን ትንፋሹ ይቀለዋል፣ ሕመሙን ይረሳዋል፣ እኔ ከማላያቸው ሰዎች ጋር አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ይጫወታል፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ እጠብቃለሁ። ደስታውን ሳይ ግን ፍርሃቴን ዋጥ አደርገዋለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሲጫወት ቆይቶ በድንገት ዝም አለ። ክንዴን ጨምድዶ ያዘኝ፣ ያ ጉልበት ከየት እንደመጣ አላውቅም።

«አስገቢኝ።»

«ምነው አባዬ፣ አመመህ?»

«ዛሬ እኔን አይደለም የሚያዩት፣ አንቺን ነው። አስገቢኝ አልኩሽ! ወደ ኋላሽ እንዳትዞሪ።»

አልጋውን እንዴት እንደገፋሁት አላስታውስም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባዬ መጋረጃው እንዲከፈት አይፈልግም፤ ልክፈትልህ ስለው «አንቺ እዚህ እያለሽ አይሆንም» ይለኛል፣ ቤቴ ልሂድ ስለው ደግሞ ብቻሽን አትደሪ ብሎ ይለምነኛል። ሰማይ እየናፈቀው ለእኔ ሲል ጨለማ ውስጥ ተኝቷል። ጌቱም መሳቁን ትቷል። እሱ ቤት ነው የማድረው፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሳንቀላፋ ያገኘኝና «አንቺ፣ ጋደም በይ እንጂ» ይለኛል። እሺ እለዋለሁ፤ አልጋደምም ግን።